የወንበሩ ጀርባ

ፊንላንድ፣ ኦውሉ ከተማ፣ በጥር ፀሐይ ዘግይታ መጥታ
ቶሎ ነው የምትሄደው፣ ደጃፉን ብቻ አይታ።
እኔ ግን ማታም ቢሆን፣ ከኮምፒውተሬ ፊት፣
በአንድ ጣት እጎትታለሁ ጠዋትን ከሌሊት።

ሠላሳ አራት ዓመት በበርች እንጨት ወንበር ሠራሁ፤
ፋብሪካው በተዘጋ ማግስት መላጊያዬን አቅፌ ቤት ገባሁ።
የእህቴ የልጅ ልጅ አይኒኪ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ሌላ ዓለም አስገባችኝ በጥቁር መስታወቷ።
«እዚህም ወንበር ይሸጣል» ስትለኝ ሳቅሁባት፦
«ጉልበት በማይዝልበት አገር ማን ይቀመጣል ለዕረፍት?»
«ለዕረፍት አይደለም» አለችኝ፣ «አብሮ ለመቆየት እንጂ፤
ቆሞ የሚያወራ እንግዳ ሁሌም ይመስላል ሂያጅ።»

ሠራሁት። አምስት ቀን። እያንዳንዱን መጋጠሚያ።
ከዚያ ፎቶው መጣ፤ እዚያ ላይ ሆንሁ መሳቂያ።
ቀይ ምንጣፍ አነጠፍሁለት፣ ጽጌረዳ በዙሪያው በተንሁ፣
የወርቅ ፊደል ጻፍሁበት፣ በብርሃን ላይ ብርሃን ጨመርሁ፤
ከኋላው ፏፏቴ ነበረ (እውነቴን ነው)፣ ሁለት ርግቦችም፤
ሦስት ሳምንት ሱቁ ላይ ቆመ። የጠየቀው ሰው የለም።
አንዲት ሴት ብቻ ከቺሊ፣ ኤድልሚራ የምትባል፣
«ያ ነጩ ርግብ» ብላ ጻፈች፣ «ለብቻው ስንት ይሸጣል?»

አይኒኪ መጣች፤ ጫማ ሳታወልቅ፣ በረዶዋን ሳታራግፍ፣
ርግቡን ከነፏፏቴው እንደ ሻማ አለችው እፍ።
ግራጫ ግድግዳ አቆመች፣ አንዳች የሌለበት፣ ጭር ያለ፤
«አሁን» አለችኝ፣ «ወንበሩ አለ።»
ፀሐይዋንም ከአናቱ ላይ ወደ ጎን አወረደቻት፤
ወንበሩ ወለል ረገጠ፣ ጥላ ሲነጠፍለት።
ከዚያ ምስሉን አሳነሰችው፣ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል፤
«ከበር ሆነህ፣ ያለ መነጽር እየው፤ ምን ይመስላል?»
«ወንበር» አልኋት።
«በቃ» አለች። «ገዢ የሚያልፈው በሩጫ ነው፤
ከመቶ ጥፍር መሃል ነው ያንተን ጥፍር የሚለየው።»

አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድም ሰው አስቀምጠን፣
ገዢው በዓይኑ ለክቶ ልኩን እንዲመጥን።
እዚያ ሦስት ሜትር ጎረምሳ አለ፣ ጭራ ያላት ወይዘሮም አለች፤
«ሁሉም መቀመጥ ይፈልጋል፤ ጭራዋን የት ታድርግ?» አለች።
ጽሑፉ ጥቂት፦ «መቅዳት ይቻላል፤ መልሶ መሸጥ አይቻልም።»
ዋጋው ደግሞ ከአንድ የአውቶቡስ ትኬት አይበልጥም።

ግን አንድ ፎቶ ቀረ፤ እሷ ያላለችው፣ የኔ፦
ጀርባው፤ ግድግዳ ብቻ የሚያየው፣ ከሰው ደግሞ እኔ።
ፋብሪካ ሳለን አለቃችን ኡርሆ፣ ወንበር ሲቀበል፣
ፊቱን አያይም ነበር፤ መዳፉን በጀርባው ይሰዳል፤
ስንጥር ከነካው፣ ያለ ቃል፣ ወደ መጋዙ ይመልሳል።

ከጎን ብርሃን ለቀቅሁበት።
ግራ እግሩ ላይ ጭረት አለ፣
ከኩሽናዬ ወንበር ላይ፣ ከነእንጨት መልኩ የቀዳሁት፤
መሮዬ አምልጦኝ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በገዛ እጄ የጫርሁት።
አይኒኪ ዓይኗ አረፈበት፤ ጣቷን ላከች ለመሰረዝ፤
«ከምስሉ ብትሰርዢው» አልኋት፣ «ከእግሩ ላይ ማን ይሰርዝ?»
«ከእግሩም ይሰረዛል» አለች፣ «ሁለት ጊዜ ነክቶ።»
መልስ አልነበረኝም።
ፎቶው ተሰቀለ፣ ጭረቱ እንዳለ፣ ጎልቶ።

ቅዳሜ ሌሊት አንድ ሰው፣ አገሩን ያልነገረኝ፣
ሱቄ ገብቶ፣ ከጀርባው ፎቶ ፊት ቆሞ ቆየና ጠየቀኝ፦
«ጭረቱም አብሮ ነው?»
«አብሮ ነው» አልሁ።
አራት ገዛ።
ውጭው እንደጨለመ ነበር። ኩሽና ገብቼ ተቀመጥሁ፤
እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ግራ እግሩን ዳበስሁ።